ዘጠኙ ወደቁ፣ ሁለቱ ቀሩ

ዕዳ ያፈጠጠበት ሰው ምን እንደሚያደርግ ሰፈሩ ውስጥ ያላየ የለም። ቤቱን በሚስቱ ወንድም ስም ያዞራል። መኪናውን ለጓደኛው «ይሸጣል»፤ በማግስቱ ግን ያቺኑ መኪና እየነዳ ሥራ ይገባል። አበዳሪው ፍርድ ይዞ ሲመጣ በባለዕዳው ስም የተመዘገበ ሰባራ ሳንቲም አይገኝም። እኛ ይሄንን ንብረት ማሸሽ እንላለን።

እንዲህ ያለ ክስ ዜና ላይ ሲወጣ አንዲት የማትጠፋ ዐረፍተ ነገር አለች። «ፍርድ ቤቱ ክሱን በከፊል ውድቅ አደረገ።» በዚያን ቀን የሁለቱም ወገን ጠበቆች ፈገግ እያሉ ይወጣሉ። የተከሳሹ «ክሱ ፈረሰ» ይላል። የከሳሹ «ዋናው ክስ ቀጥሏል» ይላል። አንባቢው መሃል ላይ ይቀራል። ታዲያ ማን አሸነፈ?

ስንት ክስ ወደቀ ብሎ መቁጠር እዚህ ብዙ አይረዳም። የትኛው ቀረ? የቀረው ስንት ዓመት ወደ ኋላ ያያል? ምንስ ማስረዳት ይጠይቃል? እነዚህን ነው ማየት። ይህን ነገር እንደ ኒው ዮርክ ሜትስ የቤዝቦል ክለብ ባለቤቶች ጉዳይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ክስ አላውቅም። በአሜሪካ ነገሩ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወደ አገር ቤት ስንመጣ ወደ እኛው እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ በጎቹ። ንብረት ማሸሽን የሚከለክለው የእንግሊዝ ሕግ የወጣው በ1571፣ በቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ነው። በ1601 የተፈረደው የትዋይን ጉዳይ ደግሞ እስከ ዛሬ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያነበው ነው። ፒርስ የሚባል ሰው ለትዋይን 400 ፓውንድ፣ ለሌላ ሰው ደግሞ 200 ፓውንድ ዕዳ ነበረበት። ሁለተኛው አበዳሪ ሲከሰው ፒርስ ያለውን ሁሉ በምስጢር ለትዋይን አስተላለፈ። ትዋይንም አበዳሪ ነውና ነገሩ በወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ፣ ፒርስ በጎቹን አልለቀቀም። ራሱ ይሸልታቸዋል፤ የራሱን ምልክትም ያደርግባቸዋል። ዳኞቹ ምልክቶቹን ደረደሩ፦ ሁሉንም ንብረት ሰጠ፣ በድብቅ ሰጠ፣ ክስ ላይ እያለ ሰጠ፣ ሰጠሁ ካለም በኋላ እንደ ባለቤት ይጠቀማል። ያቺ በማግስቱ የምትነዳው መኪና አራት መቶ ዓመት ያለፋት ዘዴ ናት ማለት ነው።

ዛሬ በአሜሪካ ከሳሹ የሚሄድባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በሐሳብ ነው፦ ባለዕዳው ንብረቱን ያስተላለፈው አበዳሪዎቹን ለመጉዳት፣ ለማጓተት ወይም ለማታለል አስቦ ነው ይባላል። ሁለተኛው በስሌት ነው፦ ሐሳቡ ምንም ይሁን፣ ኪሳራ ውስጥ እያለ ዋጋ ያለውን ንብረት በርካሽ ወይም በነጻ ሰጠ ይባላል። ለሁለተኛው የሰውየውን ልብ መመርመር አያስፈልግም፤ ካልኩሌተር ይበቃል። ከሳሾች ሁለቱንም፣ በፌደራል ሕግም በክልሉ ሕግም፣ ደራርበው ያቀርባሉ። አንድ ዝውውር ላይ አምስትና ስድስት ክስ የሚቆለለው ለዚህ ነው። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይይዘዋል።

አሁን ወደ ማዶፍ፤ የሜትስ ባለቤቶች የእሱ ደንበኞች ነበሩ። የደንበኞቹን ገንዘብ በአክሲዮን እነግዳለሁ ይል የነበረው በርናርድ ማዶፍ የተያዘው ዲሴምበር 11 ቀን 2008 ነው። በደንበኞቹ ወረቀት ላይ 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አለ ተብሎ ተጽፎ ነበር። በተግባር ደንበኞቹ አስገብተው ያጡት ዋና ገንዘብ 17.5 ቢሊዮን ያህል ነበር። የቀረው ፈጽሞ ያልተፈጠረ ትርፍ ነው። በ2009 150 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2021 እስር ቤት ሞተ።

አሠራሩን በዕቁብ ላስረዳ። ዕቁብ ላይ ሁሉም የጣለውን ያህል ነው የሚያነሳው፤ ተራ ነው እንጂ ትርፍ የለም። አሁን አንድ የዕቁብ ዳኛ ተነስቶ «ገንዘባችሁን እየነገድኩበት ነው፣ በየወሩ ያተርፋል» አለ እንበል። ንግድ የሚባል ነገር የለም። ቀድሞ የወጣ ሰው 100 ሺህ ጥሎ 150 ሺህ ይዞ ይሄዳል። ያቺ 50 ሺህ ከየት መጣች? ገና ካልወጡት ኪስ ናት። ዳኛው ሲያዝ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ቀድሞ የወጣውን «ያንተ ትርፍ የእኛ ዋና ገንዘብ ነው» ቢሉት ሐሰት አላሉም። እሱ ደግሞ «እኔ ምን አውቃለሁ? አልሰረቅሁም» ይላል። እሱም ሐሰት ላይሆን ይችላል።

ይሄን ክርክር ይዞ የተነሳው የማዶፍን ድርጅት ሀብት እንዲያጣራ የተሾመው ጠበቃ ኢርቪንግ ፒካርድ ነው። ትርፍ ይዘው ቀድመው ከወጡት ደንበኞች ብዙዎቹን ከሰሰ። ከሁሉ የበለጠ የተገኘው ከአንዱ ደንበኛ ከጄፍሪ ፒካወር ውርስ ነው፤ በ2010 መጨረሻ 7.2 ቢሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማሙ። በዚያው ሰሞን የሜትስ ባለቤቶችን ፍሬድ ዊልፖንንና የእህቱን ባል ሳውል ካትዝን ከሰሰ። ክሱ ለሕዝብ የተገለጠው በፌብሩዋሪ 2011 ነው። የጠየቀው 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፦ ወደ 300 ሚሊዮን የሚሆነው የሌለ ትርፍ፣ ወደ 700 ሚሊዮን የሚሆነው ደግሞ ራሳቸው አስገብተው መልሰው ያወጡት ዋና ገንዘብ።

ይሄ ሁለተኛው ነው ጆሮ የሚያቆመው። ራሴ ያስገባሁትን ገንዘብ ለምን እመልሳለሁ? የፒካርድ መልስ፣ «የቆያችሁት እያወቃችሁ ስለሆነ ነው» የሚል ነበር። የማስጠንቀቂያ ደወል ተደውሎላችኋል፣ አይታችሁ እንዳላየ ሆናችኋል አላቸው። እነሱ ደግሞ እኛም እንደ ሌላው ተታለልን አሉ።

ቤተሰቡ ማዶፍን ምን ያህል ያምነው እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ2000 ክለቡ ቦቢ ቦኒያ ለሚባል ተጫዋች 5.9 ሚሊዮን ዶላር ይቀረው ነበር። ሰጥቶ ከመገላገል ይልቅ ተስማምተው አዘገዩት። ከ2011 እስከ 2035 በየዓመቱ ጁላይ 1 ወደ 1.19 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለዋል፤ 8 በመቶ ወለድ ታስቦለት ማለት ነው። ዛሬ መክፈል እየተቻለ 8 በመቶ ወለድ መሸከም ሞኝነት ይመስላል። ማዶፍ ጋ ያለው ሂሳብ ከዚያ በላይ «ያተርፋል» ብሎ ለሚያምን ግን ብልጠት ነው።

እንግዲህ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2011 ዳኛ ጄድ ራኮፍ ከ11ዱ ክስ 9ኙን ውድቅ አደረጉ። ዜናውም በዚሁ ቁጥር ወጣ። ዘጠኝ ለሁለት ሲባል እንደ ኳስ ውጤት ነው የሚሰማው። ጨዋታው ያለቀ ይመስላል።

ለምን ወደቁ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ጉድ ያሰኛል። የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ አክሲዮን አገናኞች ለደንበኞቻቸው የከፈሉትን ክፍያ የሚከልል አንቀጽ አለው፤ ቁጥሩ 546(ሠ) ነው። ሐሳቡ ገበያው እንዳይናጋ ነው። ከዓመታት በፊት ያለቀ የአክሲዮን ሂሳብ አገናኙ ስለከሰረ ብቻ ሁልጊዜ የሚፈታ ከሆነ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል። ማዶፍ ደግሞ የተመዘገበ አክሲዮን አገናኝ ነበር። ስለዚህ ለደንበኞቹ የከፈለው በዚህ ከለላ ሥር ይገባል አሉ ዳኛው። ለእነዚህ ደንበኞች ግን ማዶፍ አንድም አክሲዮን አልገዛም! ግብይትን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ያልተደረገ ግብይት ክፍያን ጠበቀ። እኔ በግሌ ይሄ ነጥብ እስከ ዛሬ አልዋጥልህ ብሎኛል፤ ሕጉ በቃል የሚለውን ግን ዳኛው አላጣመሙም።

ከለላው አንድ ቀዳዳ አለው። በፌደራሉ ሕግ መሠረት በሐሳብ የተፈጸመ ማጭበርበርን አይሸፍንም። እሱ ግን ወደ ኋላ የሚያየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ፒካርድ የተመካበት የኒው ዮርክ ሕግ በዚያን ጊዜ ስድስት ዓመት ያይ ነበር። ስለዚህ በስሌት የቀረቡት ክሶች ሄዱ። በኒው ዮርክ ሕግ የቀረቡት ሄዱ። ከኪሳራው በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ለአንዱ አድልቶ ከፈለ የሚለውም ሄደ። የቀሩት ሁለት ናቸው፦ የሁለት ዓመቱ የሐሳብ ማጭበርበር፣ እና ዊልፖንና ካትዝ ራሳቸው ከኪሳራው ሀብት የሚጠይቁት ገንዘብ ከሌሎች ተጎጂዎች ኋላ ይሰለፍ የሚለው።

ልብ በሉ፣ ዳኛው «ገንዘቡን አልወሰዱም» አላሉም። «አላወቁም ነበር»ም አላሉም። በዚህ ደረጃ ፍርድ ቤት ማስረጃ አይመዝንም። ከሳሹ የጻፈውን እውነት ነው ብሎ ይዞ፣ «ይሄ ሁሉ እውነት ቢሆን ሕጉ መፍትሔ ይሰጣል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ከ2007 እና ከ2009 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ወዲህ የተጻፈው ነገር አሳማኝ መልክ እንዲኖረው ይፈለጋል፤ ማጭበርበር ከሆነ ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ ተዘርዝሮ መቅረብ አለበት። የዊልፖን ዘጠኝ ክሶች ግን የወደቁት በዝርዝር እጥረት አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት የወጣው ገንዘብ በተፈጥሮው ካለፈው ዓመቱ ገንዘብ አይለይም። ከሁለት ዓመቱ መስመር ወዲያ ስለሆነ ብቻ ተረፈ።

የገንዘቡ ስሌትም ተለወጠ። ከ1 ቢሊዮን ወደ 386 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ከዚህ ውስጥ 83.3 ሚሊዮኑ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የወጣ የሌለ ትርፍ ነው። 303 ሚሊዮኑ ዋና ገንዘብ ነው። ለመጀመሪያው የተከሳሹ ቅን ልቦና አያድነውም፤ ለሌለ ትርፍ በምላሹ የሰጠው ዋጋ የለምና። ለሁለተኛው ግን ቅን ልቦና ካለው ይድናል። ስለዚህ የቀረው ክስ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ፦ ቅን ልቦና ማለት ምን ማለት ነው?

ፒካርድ ያለው፣ መጠርጠር የሚገባው ሰው ካልጠየቀ ቅን አይደለም ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር እንደምንለው። ራኮፍ አልተቀበሉትም። በአክሲዮን ገበያ ደንበኛው አገናኙን የመመርመር ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ አጣሪው ማሳየት ያለበት ሰዎቹ እያወቁ ዓይናቸውን መጨፈናቸውን ነው አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። አንዱ ዝንጉነትን ይይዛል፣ ሌላው ተንኮልን። ለእኔ ከዘጠኙ መውደቅ እኩል ተከሳሾቹን የጠቀመው ይሄ ነው። አርዕስት ላይ ግን ቁጥር ስላልነበረው ብዙ ሰው አላየውም።

ያም ሆኖ ተከሳሾቹ አልተኙም። አንድ ክስ እንኳ ከቀረ የማስረጃው በር ይከፈታል። ኢሜይል ይፈተሻል፣ ሰው በመሐላ ይጠየቃል፣ የሂሳብ ባለሙያ ይቀጠራል። ክለቡ በዚያን ጊዜ ገንዘብ አጥሮት ከሊጉ 25 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ ነበር። ማርች 5 ቀን 2012 ዳኛው እስከ 83.3 ሚሊዮኑ ድረስ መመለስ አለባችሁ አሉ። 303 ሚሊዮኑ ለተማሩም ላልተማሩም ተራ የኒው ዮርክ ሰዎች፣ ማለትም ለጁሪ፣ ሊቀርብ ነው። ማርች 19 ችሎቱ በሚጀመርበት ጠዋት ታረቁ። አሸማጋዩ የቀድሞው የኒው ዮርክ ገዢ ማሪዮ ኩዎሞ ነበሩ።

የእርቁ ገንዘብ 162 ሚሊዮን ዶላር ነው። ግን ዊልፖንና ካትዝ በከሰሩባቸው ሂሳቦች በኩል ራሳቸው ከኪሳራው ሀብት 178 ሚሊዮን ይጠይቁ ነበርና፣ 162ቱ በመጀመሪያ ከዚያ ይቀነሳል። በግል ዋስ የሆኑት ለ29 ሚሊዮኑ ነው። ፒካርድም ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚለውን ክስ ተወ።

ዳኛው ያሉት 83.3 ነው። ለምን 162 ተስማሙ? እንደ እኔ ንባብ ከሆነ የወደቁት ዘጠኙ ገና አልተቀበሩም ነበር። በአሜሪካ በከፊል ውድቅ የተደረገ ክስ ላይ ወዲያው ይግባኝ ማለት በመርህ ደረጃ አይቻልም፤ ጉዳዩ ሁሉ ሲያልቅ ነው። ሲያልቅ ግን ይግባኝ ሰሚው የስድስቱን ዓመት በር መልሶ ሊከፍተው ይችላል። ፒካርድም በበኩሉ ዓይን መጨፈንን ለጁሪ ማስረዳት ከባድ መሆኑን ያውቃል። ሁለቱም ወገን የሚፈራው አንዳንድ ነገር ነበረው።

እዚህ ላይ ወደ አገር ቤት ልምጣ፤ ውጭ ያለው ወገኔ ብዙ ጊዜ የሚጎዳበት ቦታ ስለሆነ ነው። ውክልና ሰጥቶ የሄደ ሰው ሲመለስ ቤቱ ተሸጦ ያገኘዋል። አንዳንዴ ውክልናው ራሱ የእሱ ፊርማ የለበትም። ክስ ሲመሠርት ሁሉንም ይጽፋል፦ ውሉ ይፍረስልኝ፣ ካርታው ይሰረዝልኝ፣ የኪራዩ ገንዘብ ይመለስልኝ፣ ካሳ ይከፈለኝ። ተከሳሹ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይመጣል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 መቃወሚያዎቹን ዘርዝሯቸዋል፦ ሥልጣን የለህም፣ ቀድሞ ተፈርዶበታል፣ ከሳሹ የመክሰስ መብት የለውም፣ በይርጋ ታግዷል። ከአራቱ ጥያቄ ሁለቱ እዚያው ቢቀሩ ያው «በከፊል ውድቅ» ነው።

እኛም ጋ ከሁሉ በላይ የሚገድለው ሰዓቱ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ሰዓት አለው። ውል ይፍረስልኝ ባይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1810 ሁለት ዓመት አለው፤ የሚቆጠረውም ለማፍረስ ምክንያት የሆነው ነገር ከቀረበት ቀን ነው። ልዩ የይርጋ ጊዜ ያልተቀመጠለት የውል ጥያቄ በአንቀጽ 1845 አሥር ዓመት አለው። ባልየው የጋራውን ቤት ያለ ሚስቱ ፈቃድ ሸጦ ከሆነ ደግሞ የ1992ቱ የፌደራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 69 ይመጣል፦ ባወቀች በስድስት ወር፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ። ስድስት ወር! ዘመድ ሽማግሌ ተብሎ ሲለመን፣ አንድ ፋሲካ ሲታለፍ ያልቃል። ስለዚህ ጠበቆቹ የሚጣሉት ጥያቄው የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል በሚለው ነው። «ይሄ ሊፈርስ የሚችል ውል ነው» የሚለው ተከሳሽ የሁለት ዓመቷን ሰዓት ይፈልጋል። «እኔ ያልፈረምኩት ወረቀት ጭራሹኑ ውል አይደለም» የሚለው ከሳሽ ከዚያች ሰዓት ለማምለጥ ነው የሚታገለው። ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ መመዝገቡ ራሱን የቻለ ክርክር ይፈጥራል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ መነሳት ቀላል አይደለም።

ይግባኙም ይመሳሰላል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 320 በመሃል በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ላይ በተሰጠ ትዕዛዝ ይግባኝ አይባልም ይላል፤ ቅሬታው ከመጨረሻው ፍርድ ጋር ይነሳል። እና «ግማሹ ወደቀብኝ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው የቀረውንም ግማሽ በእጁ ሊያጣው ይችላል። አቤቱታውን አስመዝግቦ በቀረው መታገል ነው።

ወደ ሜትሶቹ ልመለስና ልጨርስ። ፒካርድ በሌሎች ደንበኞች ጉዳይ የከለላውን ነገር እስከ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወሰደው። በዲሴምበር 2014 ተሸነፈ፤ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ዊልፖኖች የፈሩት የስድስት ዓመት በር ሳይከፈት ቀረ። በኦገስት 2021 ግን ያው ይግባኝ ሰሚ በባንኮች ላይ በቀረበ የማዶፍ ክስ የቅን ልቦናን መለኪያ ለወጠው። እያወቁ ዓይን መጨፈን አያስፈልግም፣ ጠርጥሮ መጠየቅ ሲገባው ያልጠየቀም ይያዛል አለ። ፒካርድ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት የለመነው ይሄንኑ ነበር።

ዊልፖኖች በዚያን ጊዜ ክለቡን አልያዙትም። በ2020 ለባለሀብቱ ስቲቭ ኮኸን ሸጠውታል። የቦኒያ ክፍያ ግን ከክለቡ ጋር አብሮ ተሻገረ፤ ሰውየው ጁላይ 1 በመጣ ቁጥር 1.19 ሚሊዮን ዶላሩን እየተቀበለ ነው።